የተማሪ ዕዳና የመክፈያው ቀን

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




የመሐንዲስ ሥራ ጭነትን ከመሸከሚያው ጋር ማመዛዘን ነው። ድልድይ የሚሠራ ሰው በድልድዩ ላይ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ክብደት ብቻ ጠይቆ አያቆምም። መኪናው መቼ እንደሚያልፍ፣ ስንቱ በአንድ ጊዜ እንደሚያልፍ፣ ወንዙስ በዚያ ወራት ሞልቶ እንደሚገኝ ወይም ጎድሎ አስቀድሞ ይመረምራል። ገንዘብም የራሱ ጭነት አለው። ዛሬ ለጉባኤው የቀረበው ርእስ በከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚገኝ ወጣት የሚሸከመው ዕዳ ሲሆን፣ ለመመልከቻነት የተመረጠው አገር ኢሉባቦር፣ ይልቁንም በቡና ደን መካከል የምትገኘው ኖፓ ናት። የንግግሩ ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲገለጽ፣ ብዙውን ተማሪ የሚያንገዳግደው ከዕዳው ብዛት ይልቅ የመክፈያው ቀን ገቢ ከሚገኝበት ቀን ጋር አለመግጠሙ ነው የሚል ነው።

ስለ ተማሪ ዕዳ ሲነሣ በውጭው ዓለም በመጀመሪያ የሚጠቀሰው የብድር ካርድ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ በፍሬዝኖ ከተማ ለሚኖሩ 60,000 ያህል ሰዎች ማመልከቻ ሳያቀርቡ የብድር ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ካርዱ የያዘው አዲስ ነገር ባለ ዕዳው በየወሩ ከዕዳው ጥቂቱን ብቻ ከፍሎ የቀረውን ከነወለዱ ወደሚቀጥለው ወር ማሻገር መቻሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የካርድ ሻጮች ወደ ኮሌጆች ቅጥር ግቢ እየገቡ፣ ካናቴራና ሌላም አነስተኛ ስጦታ እያደሉ ተማሪዎችን ያስፈርሙ ጀመር። ነገሩ እየከፋ ሲሄድ የአሜሪካ መንግሥት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ያልሞላው አመልካች ዕዳውን የሚከፍልበት የራሱ ገቢ እንዳለው ካላሳየ ወይም አብሮት የሚፈርም ሰው ካላቀረበ ካርድ እንዳይሰጠው ከለከለ። በግቢ ውስጥና በአቅራቢያው በስጦታ አማካይነት ማስፈረምንም አገደ። ሕጉ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ወጣት ዕዳውን ከምን ገቢ ይከፍለዋል? ይኸው ጥያቄ ለኖፓ ተማሪም ሊቀርብ የሚገባው ነው።

በኢትዮጵያ በብዙ ሰው እጅ የሚገኘው የባንክ ካርድ ባለቤቱ ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብ ማውጫ እንጂ መበደሪያ አይደለም። ይሁን እንጂ የብድር ካርድ አለመስፋፋቱ ተማሪውን ከዕዳ ነፃ አላደረገውም። ካርዱ የሚሠራውን ሥራ የሱቅ ዱቤ መዝገብ፣ የግለሰብ አበዳሪና በቅርብ ዓመታትም የእጅ ስልክ ተከፋፍለው ይሠሩታል።

ብድር ለኢሉባቦር እንግዳ ነገር አይደለም። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ከዋናው መሥሪያ ቤት ውጭ ቅርንጫፍ ካቋቋመባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ ነበረች፤ በጋምቤላም ወኪል ነበረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የምዕራቡ ቡና በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድና ከዚያ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። ባሮ ግን መርከብ የሚችለው ውኃው በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ስለ ነበር፣ በበጋ ጋምቤላ የደረሰ ቡና ወንዙ እስኪሞላ ድረስ መጠበቅ ግድ ይለው ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን በጎሬ ተበድሮ ቡና የሚገዛ ነጋዴ የመክፈያውን ቀን ሲዋዋል የባሮን ወራት በልቡ ካልያዘ፣ ጎተራው በቡና ተሞልቶ ሳለ ዕዳውን መክፈል ያቅተዋል። ሀብት አለው፤ በተፈለገበት ቀን የሚገኝ ገንዘብ ግን የለውም። የዛሬው የኖፓ ገበሬና ተማሪ ልጁ የሚገኙበት ሁኔታም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ኖፓ የምትገኝበት የቢሎ ኖፓ ወረዳ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበው የያዮ የቡና ደን ባዮስፌር ክልል ወረዳዎች አንዱ ነው። በዚያ አገር የቤተሰብ ዓመት የሚቆጠረው በቡናው ነው። ቡና የመጀመሪያውን ዝናብ አግኝቶ ካበበ በኋላ ፍሬው እስኪቀላ ከ7 እስከ 9 ወር ይወስዳል፤ ለቀማውም በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይከናወናል። በሌላ በኩል የዩኒቨርሲቲው ዓመት የራሱ ደንብ አለው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመቱ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ተማሪው የሚመደብበት ማንኛውም ሌላ ዩኒቨርሲቲ በሁለት መንፈቅ ያስተምራል። ሁለተኛው መንፈቅ የሚውለው የቡናው ገንዘብ አልቆ አዲሱ ቡና ገና አበባ ወይም አረንጓዴ ፍሬ በሆነበት ወራት ነው። ፎቶ ኮፒው፣ የሥዕል መሣሪያው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ማሳተሚያና የመጓጓዣው ወጪ የሚበረታውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ለአብነት ያህል አንድ ተማሪ በታኅሣሥ ወር ከቤተሰቡ የቡና ሽያጭ 12,000 ብር ተቀበለ ይባል። ገንዘቡ ለ12 ወር እኩል ቢከፋፈል በወር 1,000 ብር ይደርሰዋል። ገንዘብ በእጁ ሲገባ እንደ ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ 2,000 ብር ቢያወጣ ግን ለቀሩት ዘጠኝ ወራት የሚተርፈው በወር 667 ብር ገደማ ብቻ ነው። በሚያዝያ ወር ያልታሰበ ወጪ፣ ለምሳሌ ሕመም ወይም የተበላሸ ኮምፒዩተር ማሠሪያ፣ ቢገጥመው ወደ አበዳሪ ይሄዳል። አነጋገሩ «ዕዳ ከሜዳ» ቢልም፣ የዚህ ተማሪ ዕዳ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በጥርና በየካቲት የተዘራው ነው በሚያዝያ የበቀለው።

ይህ ተማሪ ሦስት ዓይነት ዕዳ ሊኖርበት ይችላል፤ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የመላው መጀመሪያ ነው።

የመጀመሪያው የመንግሥት ዕዳ ነው። በቀድሞው ዘመን የከፍተኛ ትምህርት ወጪ በመንግሥት ይሸፈን ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው አንድ ዓመት ለሕዝብ እንዲያገለግል ያደርግ ስለ ነበር፣ ዕዳን በሥራ እንደ መክፈል ሊቆጠር ይችላል። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 የወጪ መጋራት ሲደነገግ ግን፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከዚያም በላይ ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ተወሰነ። የሚከፈለውም ከተመረቀና ገቢ ካገኘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ነው። ለመምህርነትና ለመሰሉ ሙያዎችም ዕዳውን በአገልግሎት የመክፈል በር ተከፍቷል። አሠራሩ አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ከጀመረችው፣ ከተመራቂው ገቢ ላይ የሚከፈል የትምህርት ዕዳ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ይህ ዕዳ በመጠኑ ከሦስቱ ትልቁ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቀኑን የሚጠብቀው ከደመወዝ ጋር ነው። ድምሩ 36,000 ብር የሆነበት ተመራቂ 10,000 ብር ደመወዝ ቢያገኝ በወር 1,000 ብር እየተቀነሰ በ36 ወር ይጨርሳል። በመሐንዲስ ቋንቋ፣ ጭነቱ የሚጫነው ምሰሶው ከቆመ በኋላ ነው። ስለሆነም ተማሪ ሆኖ ሳለ በዚህ ዕዳ መጨነቅ አይገባም፤ ችላ ማለት ግን ፈጽሞ አይገባም። በየዓመቱ የሚፈርምበትን የውል ቅጽ ቅጂ ማስቀመጥ፣ የተጻፈበትን መጠን ማንበብ፣ ምግብ በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ከግቢ ውጭ የሚመገብ ከሆነም ይኸው በውሉ በትክክል መስፈሩን ማረጋገጥ አለበት። በአሠራር ተመራቂው በመጀመሪያ የሚቀበለው ጊዜያዊ ማስረጃ ሲሆን፣ ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው ዕዳው መከፈሉ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። ቅጂውን የጣለ ሰው ከዓመታት በኋላ ለውጭ አገር ትምህርት ወይም ለተሻለ ሥራ ዲግሪውን ሲፈልግ ችግሩ ይገባዋል።

ሁለተኛው ዕዳ ከባለ ሱቅና ከግለሰብ የሚወሰደው ነው። የሱቅ ዱቤ በመጠኑ ከተያዘ ጠቃሚ ነው፤ ባለ ሱቁ የተማሪውን ወላጆች የሚያውቅ ከሆነ እስከ ቡና ለቀማ ድረስ የሚታገሥበት ጊዜ አለ። አደገኛው አራጣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ተዋዋዮች በብድር ላይ ከዓመት 12 በመቶ የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። በቁጥር 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል ክርክር ቢነሣ፣ ከእምነትና ከመሐላ በቀር፣ በጽሑፍ ካልሆነ ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አራጣ ማበደርም በወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ሕጉን ወደ ቁጥር መመለስ ይጠቅማል። ያ ተማሪ በሚያዝያ 2,000 ብር ቢበደርና በታኅሣሥ ቢከፍል፣ ጊዜው ስምንት ወር ነው። በሕጉ ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ቢታሰብ ወለዱ 160 ብር ስለሚሆን የሚመልሰው 2,160 ብር ነው። አበዳሪው «በወር አሥር በመቶ ብቻ» ብሎት ያልተከፈለው ወለድ በየወሩ በዋናው ላይ እየተደመረ ቢሄድ ግን በታኅሣሥ የሚጠበቅበት 4,287 ብር ይሆናል። ይህም ከሚመጣው የ12,000 ብር የቡና ገንዘብ ከሲሶ በላይ ነው። «አሥር በመቶ» የሚለው ቃል ለጆሮ ቀላል ነው፤ ዓመቱ ግን 12 ወር አለው፤ ወለዱ ባይደራረብ እንኳ በዓመት 120 በመቶ፣ ማለትም ከሕጉ ጣሪያ አሥር እጥፍ ይሆናል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ አበዳሪ ወለዱን አስቀድሞ ከዋናው ጋር ይደምርና 2,000 ብር ሰጥቶ 3,000 ብር እንደ ሰጠ አድርጎ መተማመኛ ያስፈርማል። በእጁ ያልገባን ገንዘብ ተቀበልሁ ብሎ የሚፈርም ተማሪ ሕጉ የሰጠውን ጋሻ በገዛ እጁ ይጥላል።

ችግሩ በተማሪው ብቻ የሚቀር ቢሆን በቀለለ ነበር። ልጁ ወይም ልጅቷ ከትምህርት እንዳይቀሩ ሲል አባት ያልተለቀመውን ቡና በክረምት በርካሽ ይሸጣል፤ ወይም የቡና መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ አበዳሪውም ዋናው እስኪመለስ ድረስ የመሬቱን ፍሬ ይበላል። እንዲህ ሲሆን ለዛሬው መንፈቅ የተከፈለው ዋጋ የሚቀጥለው ዓመት ገቢ ነው። ታናናሾቹ ተማሪዎች ተራቸው ሲደርስ ቡናው የሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ሦስተኛው የስልክ ዕዳ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመተባበር «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድርና፣ ዕቃ ሲገዛ ሒሳብ ለጎደለው ሰው ጉድለቱን የሚሞላውን «እንደኪሴ» የተባለውን አገልግሎት፣ እንዲሁም «ሳንዱቅ» የተባለውን ቁጠባ አቅርቧል። በኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በኩልም «ሚቹ» የተባለ ያለ መያዣ የሚሰጥ የስልክ ብድር አለ፤ ቃሉ በኦሮምኛ ወዳጅ ማለት ነው። እነዚህ አገልግሎቶች ሕጋዊ ናቸው፤ ለነጋዴና ለሠራተኛ የሰጡት ጥቅምም አይካድም። ዛሬ ገዝቶ ነገ ሸጦ ለሚከፍል ሰው የአጭር ጊዜ ብድር ከሥራው ጋር ይስማማል። ለኖፓ ተማሪ ግን ጊዜው አይስማማም። በሚያዝያ የተወሰደ የ30 ቀን ብድር በግንቦት ይጠየቃል፤ በግንቦት ቡናው አረንጓዴ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ለመክፈል ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን ለመክፈል ሦስተኛ ብድር ይወስዳል፤ በየጊዜውም ክፍያ ይታከልበታል። በፍሬዝኖ በፖስታ የተላከው ካርድና በኖፓ ተማሪ ኪስ ያለው ስልክ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ዕዳን ወደፊት ማሻገርን ቀላል ያደርጋሉ፤ የተሻገረው ሁሉ ግን አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? በኢሉባቦር በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ጣቢያ አለ። እንዲህ ያለውን ጣቢያ የሚነድፍ መሐንዲስ የሐምሌን ሙላት አይቶ ዓመቱን ሙሉ ይህን ያህል ኃይል ይገኛል ብሎ ቃል አይገባም፤ የበጋውን አነስተኛ ፍሰት ይለካል። ተማሪም የዓመቱን በጀት የሚነድፈው በታኅሣሥ ሙላት ሳይሆን በሚያዝያ ጉድለት ልክ መሆን አለበት። ቡና አንድ ዓመት በደንብ አፍርቶ በሚቀጥለው የሚቀንስ ተክል ስለ ሆነ፣ ለጥንቃቄ ሲባል ደካማውን ዓመት መነሻ ማድረግ ይሻላል። ከዚህ የሚከተሉት ተግባራዊ ነገሮች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ያለበትን ዕዳ ሁሉ በአንድ ገጽ መጻፍ ነው። ለማን፣ ስንት፣ በምን ወለድ፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ገቢ የሚሉ አምስት ዓምዶች ይበቃሉ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ የሆነበት ብድር መወሰድ አይገባውም። ከተወሰደም አበዳሪውን ቀኑ ሳይደርስ ማነጋገር ይገባል፤ ከቀኑ በፊት የሚለምን ሰው የሚደመጠውን ያህል፣ ተደብቆ የተገኘ ሰው አይደመጥም።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ሲገኝ ወለዱ የበዛውን ዕዳ አስቀድሞ መክፈል ነው። ብዙ ሰው ትንሿን ዕዳ ከፍሎ ዕረፍት ያገኛል፤ በየወሩ የሚያድገው ግን ሌላው ነው። የመንግሥቱ ዕዳ ደመወዝን ይጠብቃል፤ የባለ ሱቁም በስምምነት ሊቆይ ይችላል፤ አራጣ ግን አንድ ሌሊትም ማደር የለበትም።

ሦስተኛ፣ ዕቁብን በጊዜው መጠቀም ነው። በዕቁብ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው በእውነቱ ተበዳሪ ነው፤ የመጨረሻው ቆጣቢ ነው፤ ወለድ ግን የለም። ከአንድ ወረዳ የመጡ አሥር ተማሪዎች በቡናው ወራት ዕቁብ ቢጀምሩና ተራውን በዕጣ ከማውጣት ይልቅ እንደየችግራቸው ቢስማሙ፣ ማሳተሚያ ያለበት ግንቦትን፣ ተግባራዊ ልምምድ የሚወጣውም ሚያዝያን ሊወስድ ይችላል። ቅድሚያ የወሰደ ሰው ዋስ ማቅረቡ ግን እንደ ልማዱ መጠበቅ አለበት፤ ያለ ዋስ ዕቁብ ጓደኝነትን ያፈርሳል።

አራተኛ፣ ቤተሰብ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ባይሰጥ ይመረጣል። ከታኅሣሡ ሽያጭ የሚያዝያውና የግንቦቱ ድርሻ በባንክ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተቀምጦ በወሩ ቢላክ፣ ተማሪው ያልያዘውን ገንዘብ አያጠፋም።

ክቡራን አባላት፤ ለተማሪው ይህን ሁሉ ከመከሩ በኋላ ለራስ የሚቀር ድርሻ እንዳለ መዘንጋት አይገባም። የምሕንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ መንፈቅ በሥራ ቦታ ይለማመዳል። የሚለማመደውም በዚህ አዳራሽ በተቀመጡ አባላት መሥሪያ ቤቶችና የግንባታ ቦታዎች ነው። በዚያ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው መኝታና ምግብ ቤት ርቆ፣ በማያውቀው ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በየቀኑ እየተጓጓዘ ይሠራል። ያለ አበል የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ከባድ ነገር ያደረገ ላይመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የኖፓው አባት መሬቱን በወለድ አገድ የሚሰጥበት ምክንያት ይኸው አራት ወር ሊሆን ይችላል። የምሳና የመጓጓዣ አበል መስጠት፣ አበሉንም በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ መክፈል፣ የልምምዱን ቦታ ተማሪው ወጪውን አስቀድሞ እንዲያስብ ከሁለት ወር በፊት ማሳወቅ ለአንድ የግንባታ ድርጅት የሚያስጨንቅ ወጪ አይደለም። ማኅበሩም አቅሙ በፈቀደ መጠን፣ በሚያዝያ የሚሰጥና በታኅሣሥ የሚመለስ፣ ወለድ የሌለው አነስተኛ የተማሪዎች ብድር ቢያቋቁም፣ ገንዘቡ ጥቂት ቢሆን እንኳ ቀኑ ትክክል ስለሚሆን ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ዛሬ ከኖፓ፣ ከያዮ፣ ከሁሩሙና ከጎሬ ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩት ልጆች ነገ የኢሉባቦርን መንገድ የሚጠግኑ፣ የመቱን ውኃ የሚያስተካክሉ፣ የሶርን ማመንጫ የሚጠብቁ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በሁለተኛ ዓመቱ በ2,000 ብር ዕዳ ተሸማቆ ከትምህርት ቢቀር፣ አገሪቱ የምታጣው መሐንዲስን ነው፤ ወላጆቹ ደግሞ ልጃቸው ያልተመረቀበትን ትምህርት ዕዳ ሲከፍሉ ይኖራሉ። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ቡና የሚለቀምበትን ወር የሚያውቅ አበዳሪ፣ ዕዳውን በገጽ የሚጽፍ ተማሪና አበል በወሩ መጀመሪያ የሚከፍል አሠሪ ነው።